የወረፋ ያዡ ሚስት

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ላውንደሪው ውስጥ አብረውኝ ልብስ የሚተኩሱት ሴቶች አንድ ጥያቄ አላቸው። አውሮፕላን የሚሳፈር ዘመድ በኖራቸው ቁጥር እየመጡ፣ ያ በገንዘብ ወረፋ የሚያዘልለው ፈጣን መስመር የሚባለው ነገር ያዋጣል ወይስ ገንዘብ ማቃጠል ነው ይሉኛል። አዎ ወይም አይደለም ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ። እኔ ግን ነገር ማሳጠር አይሆንልኝም፤ ባለቤቴን ሳላስቀድም መልሱ አይመጣልኝም።

ባለቤቴ ወረፋ ያዥ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኖረው በሰው ቦታ በመቆም ነው። የመታወቂያ፣ የፓስፖርት፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የይዞታ ካርታ፣ ብቻ ሰልፍ ካለበት ቢሮ ደጃፍ አይጠፋም። ከሥራው መቅረት የማይችል፣ ልጅ ያዘለች፣ ጉልበቱ ያቃተው ሰው ወረቀቱን ይሰጠውና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ተራው ሲቃረብ ይደውልለታል። እዚያ ቢሮ ስንት ኃላፊ ተሾመ፣ ስንቱስ ተሻረ፤ እሱ ግን እዚያው በር ላይ ነው። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ «ቋሚ» የሚል ስም አወጡለት። ከመሥሪያ ቤታችን ቋሚ ሠራተኛ እሱ ብቻ ነው እያሉ ይስቃሉ። ቀልዱ ስሙ ሆኖ ቀረ፤ እኔም ስናደድበት ካልሆነ በቀር በሌላ አልጠራውም።

ቆሞ መዋል ምን ዕውቀት ይጠይቃል የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ሳገባው ያልኩት ይህንኑ ነበር። ቋሚ ግን ሕግ ያለው ሰው ነው። «ወረፋ የቆመበት ነው» ይላል። ድንጋይ ቦታው ላይ አስቀምጦ ሻይ ሊጠጣ የሚሄደውን ሰው አይወድም፤ ድንጋይ እግር የለውም ባይ ነው። ሁለት ቦታ ባንዴ አይዝም። ከዘበኛ ጋር ተጨባብጦ በጎን በር የሚገባ ሰው ካየማ ቀኑን ሙሉ ፊቱ አይፈታም፤ ማታ ቤት መጥቶ የሚኮሳተረው በእኔ ላይ ነው።

ከሕጎቹ ሁሉ የጠበቀው ግን የወረቀቱ ነው። የባለጉዳዩ ወረቀት የሚሆነው ሁልጊዜ ከቆመው ሰው ጋር ነው፤ ባለጉዳዩ ቢዘገይ መስኮቱ ላይ የሚያቀርበው ቋሚው ነዋ። ለዚህም በገመድ ከአንገቱ የሚንጠለጠል የላስቲክ ቦርሳ አለው። ወረቀት የተቀበለ ይቆማል፣ ወረቀት የሰጠ ይሄዳል። ሠላሳ አንድ ዓመት እጁ የለመደው ይህንን ነው።

ዓይኑም የተለየ ነው። ሰልፍ ሲያይ ጭንቅላት አይቆጥርም፤ የሚያየው እጅ ነው። ወረቀቱን በእጁ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ቶሎ ያልፋል፤ መስኮቱ ጋ ደርሶ ኪሱን መደባበስ የሚጀምረው ግን የሦስት ሰው ጊዜ ይበላል። «ኪስ ደባባሽ አገር ያጠፋል» ይላል ቋሚ፣ ከልቡ። አንድን ሰልፍ አይቶ አርባ ደቂቃ ነው ካለ አርባ ደቂቃ ነው። በተጋባን ቀን እንኳ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሆኖ የሙሽሮቹን ወረፋ ገምቶ ነበር፤ አልተሳሳተም።

ይህን ሥራ ያስጀመረችው ታላቅ እህቱ ናት። እናትና አባታቸው ቶሎ ስላለፉ ያሳደገችው እሷ ነች። ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ስትሄድ የዳቦ ሰልፍ ላይ ታቆመውና «እስክመጣ እንዳትንቀሳቀስ» ትለዋለች። አይንቀሳቀስም። ስትመለስ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ዳቦው አይደለም፤ «እግርህ ደከመ?» ነው። ቢደክመውም አልደከመኝም ይላታል። ይህንን ታሪክ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ ቢያንስ ሃያ ስድስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

እትዬ እንላታለን፣ ሁለታችንም። እኔን ግን ብዙም አትወደኝም ነበር። ክፉ ሆና አይደለም፤ ያሳደገችውን ወሰድኩባት። ስትደውል ስልኩን እኔ ካነሳሁት «ስጪው» ትላለች፣ በቃ። እንዴት ዋልሽ፣ እንዴት አደርሽ የሚባል ነገር የለም። እኔም ከመመለስ አልቦዝንም፤ ቤት እያለ እንኳ «የለም» ያልኩባት ቀን አለ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ባለፈው ዓመት እትዬ ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ ተገኘባት። ልጇ ውጭ አገር ወደምትኖርበት ሩቅ ከተማ ወሰደቻት። ሐኪሞቹ፣ በቀዶ ሕክምና ከወጣላት ትድናለች፣ ድምጿ ግን አብሮ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ አትናገርም አሉ። ቀን ተቆረጠ፤ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ያ ቀን ካለፋት እንደገና ተራ የሚደርሳት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ዕጢው ደግሞ ሦስት ወር አይታገሥም ተብሏል። እትዬ እንድትፈርም ብዕር ሲሰጧት ብዕሩን መለሰችላቸው። «ወንድሜ ሳይመጣ አልፈርምም» አለች። «ድምጼን የምትወስዱት እሱ ከሰማው በኋላ ነው።» በስልክ ይስማሽ ሲሏት፣ በስልክ ማንም ይሰማኛል ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልጇ እያለቀሰች ደወለችልንና፣ አጎቴ ካልመጣህ አትገባም፣ እልኋን ታውቀዋለህ አለች። እሱ ያውቀዋል፤ እኔማ ከእሱ የበለጠ አውቀዋለሁ።

ለስንቱ ሰው ፈቃድ ሲያስጨርስ የኖረ ሰው ቢሆንም፣ የእኛ የመግቢያ ፈቃድ ግን የወጣው ረቡዕ ጠዋት ነው። የተገኘው ትኬት አንድ ብቻ ነበር፤ ሐሙስ ማለዳ ተነሥቶ መንገድ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ማታ የሚያደርስ። መቀየሪያው ላይ ያለን ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው። እሱ ካመለጠን የሚቀጥለው በረራ ዓርብ ቀትር ነው፤ ያ ደግሞ ለእትዬ አይደርስም ማለት ነው። እኔ የምሄደው ላስታምማት ነው። ታማሚዋ እትዬ ስትሆን ደግሞ አስታማሚዋን አያድርገኝ እያልኩ ሻንጣዬን ሸከፍኩ።

ትኬት ቢሮው ውስጥ ያለችው ሴት፣ በዚህ ወቅት የመቀየሪያው ፍተሻ ሰልፍ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል አለችን። ትንሽ ከጨመራችሁ በፈጣን መስመር ታልፋላችሁ ብላ አንድ ወረቀት ወደ ቋሚ ገፋ አደረገችለት። ቋሚ የሙያ ጥያቄ ጠየቃት። እዚያ መስመር ላይ የሚቆምልን ማን ነው አላት። ማንም አይቆምም፣ ቀጥ ብላችሁ ነው የምትገቡት አለችው። «እንግዲያው የምትሸጪልኝ የሌላውን ሰው ጊዜ ነዋ» አለና ወረቀቱን መልሶ ገፋላት። ልጅቷ ግራ ገባት። ምን ታድርግ፣ እንዲህ ያለ ገበያተኛ አጋጥሟት አያውቅ።

መንገድ ላይ ተከራከርን። አንተስ ዕድሜህን ሙሉ ወረፋ ስትሸጥ አልኖርክም ወይ አልኩት። እኔ የምሸጠው እግሬን ነው፣ ከእኔ በፊት የመጣ ሰው ከእኔ በፊት ይገባል፣ የማንንም ደቂቃ አልነካሁም አለኝ። ነገሩ የዋጋም ነበር። ለአንድ ሰው የሚጠየቀው የእኔ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ነው። ላውንደሪው ውስጥ ያማከርኳቸው ሴቶችም አልተስማሙም። አንዷ፣ አማቼ ከፍሎ ሲደርስ ሁለቱም መስመር ባዶ ነበር፣ ከእጅ አይሻል ዶማ አለች። ሌላዋ፣ እህቴ ሳትከፍል ቀርታ አውሮፕላኗ ዓይኗ እያየ ነው የተነሣው አለች። ሁለቱንም ሰምቼ ወደ ካውያዬ ተመለስኩ። ያን ቀን አንድ ሸሚዝ አቃጠልኩ፤ ካውያ ከያዝኩ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ሸሚዝ አቃጥዬ አላውቅም ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ከሥራ ስወጣ ወደ ትኬት ቢሮው ተመለስኩና ከትርፍ ሰዓት ካጠራቀምኩት ላይ ከፈልኩ። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የበቃኝ። በእሱ ስም አስጻፍኩትና አራት ቦታ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ካልተፈለገ ቀድጄ እጥለዋለሁ፣ ማን ያውቃል ብዬ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ደብቄው የማውቀው ነገር ቢኖር የጫማዬ ዋጋ ብቻ ነበር። ቤት ስገባ ዓይኑን ማየት አቃተኝ፤ እሱ ግን ሻንጣ ሲያስር ልብ አላለኝም።

ሐሙስ ማለዳ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተን ታጥቀን ተቀመጥን። አውሮፕላኑ አይነሣም። አንድ ነገር በድምጽ ማጉያ ተነገረ፤ ጥቂት ሰዎች አጉረመረሙ። ቋሚ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ቋሚን አያለሁ። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አለኝ። አርባ ደቂቃ ሲሆን ተረቱንም ተወው። በስተመጨረሻ የተነሣነው አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ዘግይተን ነው። በበረራው ላይ የቀረበልንን ምግብ እንደታሸገ መለስነው። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትታየኝ ነበር።

ስንወርድ ሮጥን። ቋሚ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፤ የሚሮጥ ሰው ወረፋ አያውቅም ባይ ነው። ፍተሻው ወዳለበት አዳራሽ ገባን። ሰልፉ በጥቁር ሪባን እየተጠማዘዘ፣ እንደ ታጠፈ አንሶላ ተደራርቦ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቷል። ቋሚ ቆመና አየው። እጅ እጃቸውን ነው የሚያየው። ግማሹ ሕዝብ ኪሱንና ቦርሳውን ይደባብሳል።

«ሃምሳ ሁለት ደቂቃ» አለ።

የአውሮፕላናችን በር ሊዘጋ የቀረው አርባ ደቂቃ ነበር። ሌላ ሰው ቢገምተው ተስፋ አይቆረጥም እል ነበር። ገማቹ ቋሚ ስለሆነ ግን አንዲት ደቂቃ እንኳ መከራከር አልቻልኩም። ፊቱ አመድ መሰለ። ብንደውል የልጇም ስልክ አይመታም፣ የእትዬም ስልክ አይመታም፤ ሁሉም እዚያ ሆነው እሱን ይጠብቃሉ።

ዩኒፎርም ወደ ለበሰ አንድ ሰውዬ ሮጬ በማውቃት ጥቂት ቃልና በእጄ፣ ታማሚ እንዳለብንና አውሮፕላናችን ሊሄድ እንደሆነ ነገርኩት። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። በእጁ ሰልፉን አሳየኝ፤ የሁሉም ሊሄድ ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን ባዶ መስመር አሳየኝና ወረቀት አለሽ ወይ በሚል አየኝ።

ተመልሼ ያን አራት ቦታ ያጠፍኩትን ወረቀት ለቋሚ ሰጠሁት። ገልጦ የራሱን ስም አነበበ። ደግሞ አነበበው።

«ያንቺስ?» አለኝ።

«የኔ የለም። ለአንድ ሰው ነው የበቃኝ። በኋላ ትቆጣኛለህ፣ አሁን ሂድ።»

አልሄደም። ወረቀቱን እንደያዘ ሰልፉን በአገጩ አመለከተኝ። ልጅ የታቀፉ አሉ፣ በከዘራ የቆሙ ሽማግሌ አሉ። «እነዚህን ሁሉ ረግጬ?» አለ። እህቱ ልትሞትበት ነው፣ እሱ ግን እግሩ ከመሬቱ አልላቀቅ አለው። በዚያች ሰዓት ጠላሁት። እንደዚያ ሰዓትም ወድጄው አላውቅም።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ በራሱ ሕግ ያዝኩት። «ወረፋ የቆመበት ነው አላልክም? እኔ እቆማለሁ። ያንተን ቦታ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ይዤ እቆምልሃለሁ፤ ሰልፉም ቢሆን ቆሚ አላጣም። ዛሬ ባለጉዳዩ አንተ ነህ። ባለጉዳይ አይቆምም፣ ይሄዳል።»

ሕጉ በትክክል እንደዚያ ይላል ብዬ አይደለም። አይልም፤ እሱም እንደማይል ያውቃል። ግን የሚይዘው ነገር ይፈልግ ነበር፣ ሰጠሁት። ወደ እግሬ አየ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምተኩስ እግሬ እንደሚያብጥ ያውቃል። ሊናገር ሲል «ሂድ አልኩህ» አልኩት። የላስቲክ ቦርሳውን ከአንገቱ አወለቀ፣ በእኔ አንገት ላይ አጠለቀው፣ እየተጣደፈም ሄደ። ቦርሳው ደረቴ ላይ ሲያርፍ ስንብት መሰለኝና እንባዬ መጣ። ማሰብ የሚባል ነገር ከሁለታችንም ጠፍቷል።

ከመጨረሻው ሰው ኋላ ገብቼ ቆምኩ። ከእኔ ወዲያ በስድስት እጥፍ ሰልፍ ማዶ ቋሚ ከፈጣኑ መስመር ጠረጴዛ ደርሷል። ከፊቱ ማንም የለም። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሴት እጇን ዘረጋች፣ ወረቀቱን ሰጣት። ደግሞ ዘረጋች። ቋሚ ደረቱን ደባበሰ። የኮቱን ኪስ ደባበሰ፣ የሱሪውን ኪስ ደባበሰ። ይሄ ሰው ዛሬ ምን ነካው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ኪስ ደባባሽ ሲሳደብ ኖሮ እያልኩ ወደ ገዛ ደረቴ አየሁ። የሁለታችን ፓስፖርት፣ የሁለታችን የመሳፈሪያ ወረቀት፣ ሁሉም እኔ አንገት ላይ ነው። ወረቀት የተቀበለ ይቆማል፣ ወረቀት የሰጠ ይሄዳል። እጁ የለመደውን ነው ያደረገው።

ሮጬ እንዳልወስድለት፣ ሰልፉ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ከኋላዬ ሻንጣ የሚጎትት ሕዝብ መውጫውን ዘግቶታል። ደግሞም እቆማለሁ ብዬዋለሁ። የእኔን ወረቀቶች አወጣሁና ቦርሳውን ወደ ላይ አንሥቼ «ቋሚ!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ከፊቴ ባለው እጥፍ ላይ ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ ግዙፍ ሰውዬ ነበር። ነገሩን ሁሉ ሲያይ ቆይቷል መሰለኝ፣ ቦርሳውን ከእጄ ተቀበለና በሪባኑ ላይ አሻግሮ ለሚቀጥለው እጥፍ ሰጠ። ያ ደግሞ ለሌላው ሰጠ። ፓስፖርት ለማያውቁት ሰው አይሰጥም ብሎ ያስተማረኝ ቋሚ ነው። አሁን የእሱ ፓስፖርት በማላውቃቸው ሰዎች እጅ ላይ እየሄደ ነው፣ እኔም ዓይኔን ሳልነቅል እከተለዋለሁ። አራተኛው እጥፍ ላይ አንዲት አሮጊት ቦርሳውን ይዘው ቆሙ። ከፍተው ውስጡን አዩ። ለካ ፎቶውን ነው የሚያዩት፤ ቀና ብለው ባለቤቱን በዓይናቸው ፈለጉ፣ አገኙት፣ አሳለፉት።

ቋሚ ቦርሳውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ለሴትዮዋ ከማሳየቱ በፊት ወደ ሰልፉ ዞረና፣ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ ቀና ብሎ ከእኔ ፊት ያለውን ሰው በዓይኑ ለካ። ራሱን ነቀነቀ። እንደማልደርስ አውቋል። «ሂድ» አልኩት፣ በከንፈሬ ብቻ።

ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። ሃምሳ አንድም፣ ሃምሳ ሦስትም አይደለም። በሩ ጋ ስደርስ መብራቱ ጠፍቶ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። ቋሚ እዚያ አለመኖሩን ሳይ እፎይ አልኩ፤ ቀጥሎ ብቻዬን መሆኔ ገባኝ። በማላውቀው አገር፣ በሁለት ቃል ቋንቋ፣ እግሬ አብጦ።

ትኬት የሚቀየርበት መስኮት ጋ ወረፋው ሲደርሰኝ ለዛሬ በቃ፣ ጠዋት ተመለሺ አሉኝ። ወንበር ላይ አደርኩ። ማታ ከእትዬ ልጅ አጭር መልእክት መጣ፤ ደርሷል ይላል። ፈረመች ወይ ብዬ ጻፍኩላት። ገና ናት፣ ጠዋት እናያለን አለችኝ። ከዚያች መልስ በኋላ ዓይኔ አልተከደነም። ያን ሁሉ ሆነን እንቢ ካለችስ? ያቺ ሴትዮ ታደርገዋለች።

ጠዋት መስኮቱ ሳይከፈት ሄጄ ቆምኩ፤ ከእኔ የቀደሙ ግን ብዙ ነበሩ። ለቀትሩ በረራ የቀረው ቦታ ጥቂት ነው ተብሎ ሁሉም ይቁነጠነጣል። ሦስት ሰው ሲቀረኝ ስልኬ ጮኸ። ቋሚ ነው።

«ትፈልግሻለች» አለ።

ስልኩን ሰጣት መሰለኝ፣ የሆነ ነገር ተንኳኳ። ከዚያ የሚሰማኝ የትንፋሽ ድምጽ ብቻ ነው። እትዬ በዚያን ጊዜ የሚወጣት ሹክሹክታ ነበር። ድምጽ ማጉያው ደግሞ ከላዬ የበረራ ቁጥር ይጮኻል፣ ሰው ይንጫጫል። አንድም ቃል አልያዝኩም። ቦታዬን አየሁ፤ ሦስት ሰው። ከኋላዬ ሃምሳ ይሆናሉ። ከሰልፉ ወጣሁ። እየሮጥኩ ጥግ ላይ ወዳለው የመስታወት መተላለፊያ ገባሁና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«አቤት እትዬ። አሁን ይሰማኛል።»

«ፈረምኩ» አለች።

ስጪው ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ በልምድ። እሷ ግን ትንፋሿን ሰበሰበች። እያንዳንዱ ቃል እንደሚያማት ይታወቃል።

«አንቺ ነሽ አሉ የቆምሽለት» አለች።

«አዎ እትዬ።»

«እግርሽ ደከመ?»

ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። እሷ እንዳትሰማኝ አፌን በእጄ ያዝኩት።

«አልደከመኝም» አልኳት። ደክሞኝ ነበር።

ሐኪሞቹ ሥራቸውን በደህና ሠሩ። እትዬ ዛሬ እኛ ቤት ሆና ደብተር ይዛ እየጻፈች ታዘኛለች፤ ጨው አበዛሽ ትለኛለች፣ አልጋውን እንዲህ አይደለም የሚያነጥፉት ትለኛለች። ድምጿን ግን ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። የቀትሩም በረራ አልደረሰኝም፤ ያገኘሁት የማታውን ነው። ያን ጠዋት ስልኩን ዘግቼ፣ ፊቴን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ስመለስ ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቶ ነበር። የመጨረሻውን ሰው ፈልጌ ከኋላው ቆምኩ።